ሞልቶ የተመለሰው ጀሪካን

ለመሆኑ እሳት ከአፈር በታች ስንት ቀን መቆየት ይችላል? ከረቡዕ ወዲህ ይሄ ጥያቄ እንደ ትንኝ ጆሮዬ ላይ ይዞራል። እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ መልሱን ግን አላውቀውም።

ቅዳሜ ልጄ ዕረፍት አገኘና ደን ውስጥ ድንኳን ተክለን እንደር አለ። የዚያው ደን ጠባቂ ነው። ምራቴ ሥራ ገብታ ቀረች። እኔም ልቀር ነበር፤ ግን ከእባቡ፣ ከብርዱ፣ ከገደሉ የልጅ ልጄን ማን ይጠብቅልኛል? ተነሣሁ። ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እንቅልፍ ስለማትወድ ጉጉት ነው የምንላት።

እሑድ ጠዋት ድንኳኑ ተነቀለ። ልጄ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ መኪናው እየወረደ፣ "ጉጉት፣ እሳቱን አደራ! ውሃ አፍስሺበት፣ አማስዪው፣ ደግመሽ አፍስሺ። በእጅሽ ስትዳስሺው እስኪቀዘቅዝ ድረስ" አላት።

ጀሪካኑን ብድግ አደረገች። እኔ ክንዷን ያዝኩ።

"ተይ እንጂ! መንገድ ላይ መኪናው ቢቆምስ? ምን ልንጠጣ ነው?"

"እማማ፣ አባዬ እኮ ውሃ ነው ያለው።"

"አባትሽን አንድ ቀን እሳት ሳላስነካ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ይልቅ አፈር አልብሺው።"

"እሺ፣ የእሳት አደጋ አዛዥ!" ብላ ሳቀችብኝ።

ሁለታችንም በእግራችን አፈር ገፋንበት። ጢሱ ጠፋ። እኔ ደግሞ በጫማዬ ደልደል አደረግኩት፤ አልጋ ያነጠፍኩ ነው የሚመስለው። ልጄ ተመልሶ "ጠፋ?" ሲል፣ ከእሷ ቀድሜ "ድርግም ብሏል" አልኩ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ልብስ ሳሰጣ ቀና ብል ኮረብታው ይነዳል። አንሶላው ከእጄ ወደቀ። ልጄ እዚያ ነው! እስኪመሽ ድረስ አንዴ በር ላይ፣ አንዴ መስኮት ላይ ስል ቆየሁ። ሌሊቱ እንዴት እንደ ነጋልኝ እኔ አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ምራቴ ከውጭ ሮጣ ገባች። "እትዬ፣ እሳቱ ጠፋ! ልጅሽም ደህና ነው። ደኑ ዳር ከሰል የሚያከስለውን ሰውዬ ግን አንተ ነህ ያስነሣኸው ብለው ይዘውታል። ልጆቹ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተኮልኩለው ያለቅሳሉ።"

"ይበለው!" አልኩ። "ደን የሚያነድ እጁ ይድረቅ!"

ወዲያው ልጄ ገባ። ቅንድቡ ተለብልቧል፤ ፊቱ ጥላሸት ለብሷል። ልስመው ብነሣ በእጁ አስቀመጠኝ።

"ከሰል አክሳዩ አይደለም" አለ። "የተነሣው ድንኳናችንን ከተከልንበት ቦታ ነው። ከአፈሩ ሥር የደረቀ የዛፍ ሥር ነበር። እሳቱ ያንን ይዞ እንደ ፍልፈል ውስጥ ለውስጥ ሄደና ሣሩ ላይ ወጣ።" ወደ ልጁ ዞረ። "ጉጉት፣ ውሃ አፍስሰሻል?"

ልጅቷ አባቷን አላየችም፤ እኔን አየች። አየችኝና አንገቷን ደፋች። እሱ ወደ በሩ ጀርባ ሄደ፤ ጀሪካኑን አነሣው። ቅዳሜ እንደ ቀዳው፣ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ለመንገድ ይሁን ብዬ... አፈር አለበስነው።"

"እማዬ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ድሮ እሳት እንዲያድርልሽ ስትፈልጊ ምን ታደርጊ ነበር?"

"ምን አደርጋለሁ? ፍሙን አመድ አልብሼ አዳፍነው—"

ክው አልኩ። ስንት ዘመን ማታ ማታ አዳፍኜ፣ ጠዋት ገለጥ አድርጌ እፍ ስለው እየተነሣልኝ ኖሬያለሁ! እሳት ሲዳፈን እንደሚያድር ከኔ በላይ ማን ያውቃል? በእነዚህ እጆቼ አልጋ አንጥፌ አስተኝቼው መጣሁ። ቅድም የረገምኩት እጅ የማን ኖሯል!

"ከሰል አክሳዩስ?" አለች ጉጉት፣ እንባዋ እየወረደ።

ምራቴ በሩ ላይ ቆመች። "እንዳትናገር! ጠባቂው ራሱ አቃጠለው ብለው ከሥራ ያባርሩሃል። ዝም በል፣ ሰውየውን ማስረጃ ሲያጡ ይለቁታል።"

"እኔን ውሰደኝ" አልኩ። "ለጣቢያው እኔ ልንገር። አሮጊት ምን ያደርጉኛል?"

ልጄ ኮፍያውን አጠለቀ። የልጁን ራስ ዳሰስ አደረገ። ከዚያ ጀሪካኑን እንደ ሞላ አንጠልጥሎ፣ ሚስቱን በትከሻው ገለል አደረገና፣ ሰውየውን ሊያስፈታ ወደ ጣቢያው ወጣ።