የሰኞ ማግስት

የአገሩን ስም አልጠራም። ኤምባሲ ቂመኛ ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ እኔም ደጁ ላይ መቆሜ አይቀርም። ብቻ የቴትሪ ዴቪ ልጅ፣ ቢባ፣ ባሕር ተሻግራ እዚያ አግብታ ትኖራለች። ሁለት ፅንስ ጨንግፎባታል። ሦስተኛው ሲገፋ ሐኪሙ "ከአልጋ እንዳትወርጂ" አላት። ባሏ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው፤ አማት የላት፣ እህት የላት። "እማ፣ ነይልኝ" አለች በስልክ። ቴትሪም ከጃናክፑር ተነስታ፣ በዚያ ጠመዝማዛ ተራራ ላይ በአውቶቡስ ተንገላታ፣ ካትማንዱ ደረሰችና ኤምባሲው መስኮት ፊት ቆመች። ከለከሏት።

የሰጧት ቁራጭ ወረቀት፣ ጎረቤት ተጠርቶ ሲነበብ፣ "ወደ አገርዎ እንደሚመለሱ አላረጋገጡልንም" ይላል። ሌላ ነገር የለውም። ቴትሪ እውነተኛውን ምክንያት ታውቀዋለች፤ ግን ዋጥ አደረገችው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ግን ይነቅዛል፤ ይኸው ነቀዘ።

የቴትሪ ባል በንዴት አበደ። ባሏ ማንጋል ሙኪያ ይባላል፤ ከቤቱ ጀርባ ባለው ኩሬ ዓሣ ያረባል። ማንጋል ማለት በነሱ አፍ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ተወለደ፣ ማክሰኞ ተባለ፣ አለቀ። እንደሱ ያለ ጯሂ በአካባቢው የለም፤ ዓሣዎቹ ራሳቸው ድምፁን ሲሰሙ ነው ለምግብ የሚሰበሰቡት።

"አትመለስም? የት ልትቀር? እዚያ ማን አላት?" እያለ ግቢውን ዞረው። መጀመሪያ አውቶቡሱን ረገመ፣ ቀጥሎ ፎቶ ያነሳትን ሰው "ሌባ አስመስሎሻል" ብሎ ረገመ። የሚረገም ሰው ሲያልቅበት ስልኩን አንስቶ ቢባ ላይ ደወለ።

"የጥሪ ደብዳቤውን የጻፈው ያ ባልሽ ነው አይደል? እናት እንደሚጠራ ሰው አልጻፈም! ጎመን እንዲልኩለት ያዘዘ ነው የሚመስለው!"

"አባ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት" አለች ቢባ። "ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው።" ማልቀስ ጀመረች። እያለቀሰች ደግሞ "እንዳለቅስ አልተፈቀደልኝም እኮ" ትላለች።

ይሄኔ ቴትሪ አልቻለችም። ስልኩን ከባሏ እጅ ነጠቀችው።

"ልጄ፣ አታልቅሺ። ጥፋቱ ያንቺም የባልሽም አይደለም። የኔ ነው። የአባትሽን ስም ጠየቁኝ።"

ማንጋል ከግቢው መሀል ቀጥ ብሎ ቆመ።

"እና?" አለ ማንጋል።

"እናማ፣ እንዴት አድርጌ ልበለው?"

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሱ ወግ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፣ ስሙን የሚመስል ቃልም አትጠራም። ቴትሪ ከተዳረች ጀምሮ ማክሰኞ የምትባል ቀን ከአፏ ወጥታ አታውቅም፤ "የሰኞ ማግስት" ነው የምትላት። በሠርጓ ዕለት አማቷ ጆሮዋን ይዘው "የጠራሽው ስም የቆረጥሽው ዕድሜ ነው" ብለዋታል። አንዲት ጎረቤቷ በጠብ መሀል የባሏን ስም ብትጮህ በሳምንቱ ባልየውን እባብ ነደፈው። እባቡ ስሙን ሰምቶ አልመጣም ብትሏት ቴትሪ አትሰማችሁም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

"መስኮቱ ውስጥ ጆሮው የቀላ ልጅ ነበር" አለች፣ የሳሪዋን ጫፍ እያፍተለተለች። "'የባለቤትዎ ስም ማን ነው?' አለኝ። 'የቢባ አባት' አልኩት። 'ስማቸውን' አለኝ። 'ሰኞ ሲያልፍ የሚመጣው' አልኩት።"

"ወይ ጉዴ!" አለ ማንጋል።

"'ሰኞ የሚመጣው ማን ነው?' አለኝ። 'ሰኞ አይመጣም፣ ሰኞ ሲያልፍ ነው' አልኩት። 'ታዲያ ሰኞ ማን ጋ ነው ያሉት?' አለኝ። ከዚያ ጻፈ፣ ጻፈ፣ ወረቀቱን ሰጠኝ።"

ማንጋል ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት፣ ሳሉ ደረቱን ይዞ አስቀመጠው። ቢባም በስልኩ ውስጥ እየሳቀች ነው፤ ከታመመች ወዲህ ስትስቅ የሰሟት ያን ቀን ነው። ቴትሪ ብቻ አልሳቀችም። ባሏ ደረቱን ሲይዝ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ይኸው!" አለች። "በብርዱ ወራት እንዲህ ደረትዎን ይዘው ሲወድቁ ያነሳሁዎት እኔ ነኝ። ሐኪሙ 'ልባቸው ደክሟል' ሲል እኔው ነኝ የሰማሁት። በደከመ ልብ ላይ ስም ልጥራበት? ልጄን ለማየት ብዬ እርስዎን ልቅበር?"

 

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንጋል ስሙን መጥራት ያለማምዳት ጀመር። ዳግም ማመልከት ይቻላል ተብሏል፤ ቢባም ቀኗ እየቀረበ ነው። ኩሬው ዳር አስቀምጧት "በይ ጥሪኝ" ይላታል። ቴትሪ ዓይኗን ጨፍና "ማ…" ትላለች። "ማ… ማ… ማሽላ።"

"ማሽላ ሙኪያ ነው ባሌ ብለሽ ንገሪያቸዋ!"

"አይጩሁብኝ፣ ምላሴ ነው እምቢ የሚለኝ።"

"ምላስሽ? ምላስሽ እኔን ሲሰድብ መች ደክሞ ያውቃል?"

"ስድብ ዕድሜ አይቆርጥም። ቢቆርጥ ኖሮ እስካሁን የት በደረሱ!"

ባቄላ ለቅማ፣ ዓሣ ጠርጋ፣ ደግሞ ትቀመጣለች። ደግሞ ማሽላ። በመጨረሻ ማንጋል ሰለቸው መሰለኝ፣ አጠገቧ ቁጭ አለና በሕይወቱ ተናግሮ በማያውቀው ቀጭን ድምፅ እንዲህ አላት፦

"ስሚኝ። እውነት ነው እንበል፣ ይቆርጣል። ዕድሜው የማን ነው? የኔ አይደለም? ለልጄ መሬት ብሰጣት ትከለክይኛለሽ? በቃ፣ ከዕድሜዬ ላይ ስሜን የምታህል ቆርሰሽ ውሰጂላት። እኔ ሰጥቻለሁ።"

"ዝም ይበሉ!" ብላ አለቀሰች። እሱም አብሯት ድምፅ አውጥቶ ሲያለቅስ ዓሣዎቹ መጡ፤ የማንጋል ድምፅ ነውና እነሱ ምግብ የመጣ መስሏቸዋል።

ዳግመኛ ካትማንዱ ሲሄዱ ማንጋል አብሯት ሄደ። ውስጥ አላስገቡትም፤ ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር ቀረ። ቴትሪ በሩ ላይ ዘወር ብላ አየችው። ፓን የሚሉትን ቅጠል እያኘከ እጁን አወናጨፈላት፤ ሂጂ፣ ሂጂ።

በዚህኛው መስኮት ሴት ነበረች፤ መነጽሯን ራሷ ላይ የሰካች፣ ኔፓልኛ በአፍንጫዋ የምትናገር። ወረቀት ገለጠችና "እናቴ፣ ባለፈው ጊዜ የባለቤትዎን ስም እንደማያውቁ ተጽፏል" አለች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቴትሪ ደሟ ፈላ።

"አላውቅም አላልኩም! የስንት ዘመን ባሌን ስም ላላውቅ ነው? አልጠራም ነው ያልኩት።"

"ለምን?"

"ስማቸውን ከጠራሁ ዕድሜያቸው ይቆረጣል። ልባቸው ደግሞ ደካማ ነው።"

ሴትዮዋ ብዕሯን አነሳች። "ይቅርታ እናቴ፣ መጠየቅ ግዴታዬ ነው። ስማቸው ማን ነው?"

ቴትሪ የሳሪዋን ጫፍ ጨበጠች። ልጇ በጎኗ ተኝታ፣ እጇን ከሆዷ ሥር ደግፋ፣ በሩን በሩን ስታይ ታያት። ማዶ ዛፍ ሥር ደግሞ እሱ። ቢባ እናቷን ያለችው አንዴ ነው፤ ነይልኝ። እሱም ሰጥቻለሁ ብሏል። ዓይኗን ጨፈነች።

"ማንጋል" አለች፣ በትንፋሿ።

"አልተሰማኝም። ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ ይበሉልኝ።"

አያችሁ ግፍ? ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቀችውን ስም ሁለቴ ልታስጠራት! ቴትሪ በንዴት ጠጋ ብላ፣ የመጣው ይምጣ ብላ ጮኸችው።

"ማንጋል ሙኪያ!"

አዳራሹ አስተጋባ። ከኋላ ወንበር አንድ የማንጋል ሞክሼ የሆነ ሽማግሌ ከእንቅልፉ ባንኖ "አቤት!" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋም ከንፈሯን ነክሳ ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች።

"ልጅዎ ከወለደች በኋላስ፣ ይመለሳሉ?"

እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ነበር፤ አልጠረገችውም።

"እንዴት አልመለስ? ሁለቴ አስጠራሽኝ እኮ! ከዕድሜያቸው ሁለቴ አስቆረጥሽኝ። የቀረችውን እኔ አጠገባቸው ሆኜ ካልጠበቅኋት ማን ይጠብቅልኛል? አንቺ ነሽ የምትጠብቂልኝ? ልጄን አሳርሼ፣ የልጅ ልጄን አጥቤ፣ በመጣሁበት እሮጣለሁ። ከዚያ በላይ አንድ ቀን አልቀመጥም፣ ብትለምኚኝም!"

ሴትዮዋ አልሳቀችም። መነጽሯን ከራሷ ላይ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገችና ቴትሪን ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ትንሽ ጻፈች።

"ፓስፖርትዎ እዚህ ይቆያል።"

"ወሰዳችሁብኝ?"

"ቪዛው እንዲመታበት ነው፣ እናቴ። ተፈቅዶልዎታል። ልጅዎን በሰላም ይገላግልልዎ።"

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይጨፍር ነበር። ቴትሪ ግን አመሰገነችም አላመሰገነችም አላስታወሰችም፤ እግሬ አውጪኝ ብላ ወደ በሩ ሮጠች። ዘበኛው "ቀስ ይበሉ እንጂ" እያለ ነው የወጣችው። መንገዱ በመኪና ተሞልቷል፤ ዛፉ ከአንድ አውቶቡስ ጀርባ ተሸፍኗል። አውቶቡሱ እስኪያልፍ ነፍሷ ጥርሷ ላይ ደረሰ።

አለፈ። ማንጋል ዛፉ ሥር ቆሞ ከለውዝ ሻጭ ጋር ይጨቃጨቃል፤ "ግማሹ ገለባ ነው!" ይላል። ድምፁ መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል።

አጠገቡ ስትደርስ ዘወር አለ። "እህስ? ምን አሉሽ?"

ቴትሪ በቤታቸው እንኳ ሰው ባለበት ነክታው የማታውቀውን ሰውዬ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል፣ መዳፏን ደረቱ ላይ አሳረፈችበት። ለውዝ ሻጩ በሐፍረት ፊቱን አዞረ።

"ምን ሆነሻል? ሰው ያያል" አለ ማንጋል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ይይ።"

"ከለከሉሽ እንዴ? ቪዛውን ነው እኮ የምጠይቅሽ!"

"ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን ልስማ።"

 ልቡ ከመዳፏ ሥር ይመታል፤ ትንሽ ይዘገያል፣ ደግሞ ይመታል። ቆማ አዳመጠችው፤ እንደገና አዳመጠችው።

"ሰጥተውኛል" አለችው በመጨረሻ፤ እጇን ግን አላነሳችም።