«አይጠገንም» የተባለው ዲናሞ

የኔአለም ባሏ አማረ ከሞተ በኋላ ሚኒባሱን አልሸጠችም። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ሽጪውና ሱቅ ክፈቺበት» ብሏት ነበር። እሷ ግን መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ባሏ በሕይወት እያለ ነው። እሑድ እሑድ እሱ ከጎኗ ተቀምጦ እያረማት እስከ ሉማሜ ነድታ ትመለስ ነበር። አርባው በወጣ በሳምንቱ የአማረን ጃኬት ደርባ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ገባችና ተራ ያዘች፤ በቢቸና አድርጎ ጉንደ ወይን፣ ከዚያም መርጡለ ማርያም በሚወስደው መስመር። ተራ አስከባሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። በሁለተኛው ወር ለመዷት።

መኪናውን የሚያይላት የሺዋስ ነበር። የሺዋስ ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ጋራዥ ያለው የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። ከአማረ ጋር አብሮ አደግ ናቸው። ልጇን እየሩስን ክርስትና ያነሳችውም ሚስቱ ስለሆነች፣ የኔአለም በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «አበልጄ» ነው የምትለው። በቀብሩ ቀን ሰው ይዞት ነበር የቆመው፤ እንደሱ ያለቀሰ አልነበረም።

ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ቀን ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ የባትሪ ምልክት መብራት ጀመረ። መጀመሪያ ፈዘዝ ብሎ ነበር፤ ኋላ ደመቀ። በሳምንቱ መኪናው ጠዋት ጠዋት ተገፍቶ ካልሆነ አልነሳ አለ። የኔአለም ባትሪው መስሏት አስያ ወደምትባለው የመለዋወጫ ነጋዴ ሱቅ ሄደች። አስያ መለኪያዋን ይዛ ወጣች፣ ሞተሩን አስነስታ ለካችና ራሷን ነቀነቀች።

«ባትሪሽ ደህና ነው፤ የሚሞላው አጥቶ ነው። ዲናሞሽ ነው የደከመው።»

«እንግዲያው ዲናሞ ስጪኛ።»

«አለኝ፤ ግን አልሸጥልሽም» አለች አስያ። «መጀመሪያ አስከፍተሽ አሳዪው። ካርቦኑ አልቆ ይሆናል። እሱ ደግሞ የጣት ጫፍ የምታክል ነገር ናት፤ ትቀየርና አለቀ። ያንቺ የፋብሪካው ነው፤ እንደሱ ያለ ዛሬ አይገኝም። እንዳትጥዪው።»

የኔአለም በዚያው ወደ የሺዋስ ሄደች። ዲናሞውን ፈታና «ነገ ነይ» አላት። በማግሥቱ ስትመጣ ከጠረጴዛው ላይ የጠቆረ የመዳብ ጥቅልል አንስቶ አሳያት። ያረረ ላስቲክ ይሸታል።

«ተቃጥሏል» አለ። «ይኼ መቀየር ነው ያለበት እንጂ አይጠገንም።»

«አስያ ካርቦን ሳይሆን አይቀርም ብላኝ ነበር።»

የሺዋስ ፈገግ አለ። «አስያ ጎበዝ ነጋዴ ናት፤ ግን ዲናሞ ከፍታ ታውቃለች? ስሚኝ አበልጄ፣ እኔ እንጀራዬ ጥገና ነው። ጠግኜ ብሰጥሽ የምጠቀመው እኔ ነኝ፤ በየወሩ ተመልሰሽ ትመጫለሽ። አንቺ ስለሆንሽ ነው እውነቱን የምነግርሽ።»

የኔአለም ያን ቀን ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። ሻጯ ጠግኚ ትላለች፤ ጠጋኙ ቀይሪ ይላል። ሁለቱም ከገበያቸው የሚቃረን ነገር ነው የነገሯት። ታዲያ ማንን ትመን? አስያን የምታውቃት በሱቅ ነው። የሺዋስ ግን የአማረን ሬሳ ተሸክሟል፤ በልጇ ክርስትና ዕለትም ከሚስቱ ጋር ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ማምሻውን ተመልሳ «ቀይረው» አለችው።

በሱቅ ያለው አዲስ ሁሉ ማስመሰያ ነው ብሎ፣ ከተገለበጠ መኪና የወጣ፣ ብዙ ያልሠራ ዲናሞ እንዳገኘላት ነገራትና ገጠመላት። የእጁን ዋጋም አልቀበልም አለ። ቀዩ ምልክት ጠፋ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ምን አደርግ ነበር አንተ ባትኖር» ብላ መርቃው ሄደች።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ አሥራ ሁለት ሰው ጭና ከደብረ ወርቅ ስታልፍ ጉም መንገዱን ዋጠው። ዝናቡም ወረደ። መብራቷን አበራች፤ የዝናብ መጥረጊያውንም ለቀቀችው። ቀዩ ምልክት ቦግ አለ። መጥረጊያው እየዘገመ ሄዶ ሄዶ መስተዋቱ መሀል ላይ ቀጥ አለ፤ የፊት መብራቱም ደከመ። አንገቷን በመስኮት አውጥታ እያየች ወደ ዳር ስታወጣው ሞተሩ ጠፋ። በቀኝ በኩል፣ ከጎማው አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ፣ መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው «ዱሮስ ሴት ከምትነዳው መኪና ገብተን!» አለ። ከጎኗ ጋቢና የነበሩት እማሆይ ወለተ ኪዳን የተባሉ መነኩሲት ግን እጇን ያዙና፣ «ልጄ፣ የደከመው ብረቱ ነው፤ አንቺማ አተረፍሽን» አሏት። የኔአለም ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ተሳፋሪዎቹ ባለፈ ባገደመ መኪና ተከፋፍለው ሄዱ። እሷን አንድ እህል የጫነ መኪና ጎትቶ ጉንደ ወይን አደረሳት። እዚያ ጋሼ እንዳላማው የሚባሉ ሽማግሌ ኤሌክትሪሻን ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው ዲናሞውን ፈቱ፣ ሊከፍቱት ሲሉም ገልበጥ አደረጉትና እጃቸው ቆመ።

«ይኼን ማነው የገጠመልሽ?»

«አበልጄ ነው። ምነው?»

«እዚህ ጋ ይኼን መስቀለኛ ጭረት አየሽው? የእኔ ምልክት ነው። ነገሩ ያለቀለት ሲሆን በሞረድ እጭርበታለሁ፤ ማንም መልሶ እንዳይሸጠው። ሰኔ ላይ አንድ የማርቆስ ሰው ለመዳቡ ነው ብሎ ወሰደው። የሺዋስ ይባላል።»

የኔአለም በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ሌላ የሺዋስ ይሆናል።»

«ግራ አውራ ጣቱ ቆራጣ ነው።»

የአበልጇ ግራ አውራ ጣት በልጅነቱ በማጭድ ተቆርጧል፤ አማረ ስንቴ እየሳቀ አውርቶላታል።

«እንደማይሠራ ነግረውታል?»

«ከፍቼ አሳይቼዋለሁ እንጂ!» አሉ ጋሼ እንዳላማው። «እንዲያውም ለጊዜው ጠጋግነው ቢበይዱት ሳምንት ቢያዘልቅ ነው ብዬ አሥቄዋለሁ። እኔስ ለቀልድ ነበር።» ክዳኑን አነሱና ውስጡን አሳዩዋት። ተጠጋግኖ ተበይዷል፤ ብየዳው አዲስ ነው። «ይኼስ በእውነት አይጠገንም፣ ልጄ። የራስሽ የት ሄደ?»

ባትሪዋን ሞሉላት። በማግሥቱ ሰማዩ ጠርቶ ስለዋለ መብራትም መጥረጊያም ሳታስነካ፣ ሰው ሳትጭን፣ ብቻዋን ወደ ማርቆስ ነዳች። ቢቸና ላይ ሰዎች እጅ ሲያነሱላት አልፋቸው ሄደች። መንገዱን ሙሉ ለየሺዋስ ሰበብ ስትፈልግለት ነበር፤ ተሳስቶ ይሆናል፣ ዕቃ ተቀላቅሎበት ይሆናል እያለች። ያ የጠቆረ ጥቅልል ግን ትዝ እያላት ሰበቡ ሁሉ ፈረሰ። ከሌላ ዲናሞ አውጥቶ፣ ቁጭ ብሎ ነው የመረጠላት፤ የትኛው ቢታያት እንደምታምን አስቦ።

ጋራዡ ስትደርስ ሽቦ እየላጠ አገኘችው።

«የኔ ዲናሞ የት አለ?»

«የቱ? የተቃጠለው? ለመዳብ ሰጠሁት።» ቀና አላለም።

የኔአለም አልፋው ገባችና ከግድግዳው ሥር ያለውን የብረት ሣጥን ከፈተች። በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አማረ መኪናውን ሲያስቀባ የተንጠባጠበበት አረንጓዴ ቀለም ጎኑ ላይ አለ። ታጥቧል፣ ተወልውሏል፤ ካርቦኑ አዲስ ነው።

«ለምን?» አለች።

ሽቦውን አስቀመጠ። «ትሰለቺያለሽ ብዬ ነው» አለ። «ሁለት ሦስቴ መንገድ ላይ ካስቀረሽ ትሸጪዋለሽ፤ ለባዕድ ከምትሸጪው እኔ እገዛዋለሁ ብዬ። ያንን መልሼ ልገጥምበት ነበር ያስቀመጥኩት።»

«መኪናውን ከፈለግህ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«እምቢ ትይኛለሽ።»

«አዎ፣ እምቢ እልህ ነበር።» ድምጿ ከፍ አላለም። «አሥራ ሁለት ነፍስ ይዤ ነበር፣ የሺዋስ። ገደል አፋፍ ላይ ነው የቆመው።»

በስሙ ስትጠራው ደንግጦ አያት። «ላንቺም አስቤ እኮ ነው። ይኼ የሴት ሥራ አይደለም። አማረም ቢኖር...»

«አማረን አታንሳ!» አለችና ዲናሞውን አነሳች። ከብዷታል፤ ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችው፣ ቅባቱ ጃኬቷን አበላሸው። «ስጪኝ፣ አሁኑኑ ልግጠምልሽ» እያለ እስከ በሩ ተከተላት። እሷ ግን ወደ አስያ ሱቅ አቀናች።

አስያ «ብዬሽ አልነበር» አላለችም። ፊቷን አይታ ወንበር ሰጠቻትና መካኒክ ወንድሟን ሚንሃጅን ጠራችው። የኔአለም ግን «ከመግጠምህ በፊት ክፈተውና አሳየኝ» አለች። ሚንሃጅ ካርቦኑን፣ ኩሽኔታውን፣ ጥቅልሉን አንድ በአንድ አሳያት። ጥቅልሉ ቀይ ነው፤ እሳት ነክቶት አያውቅም። ካርቦኑን ራሷ አውጥታ ራሷ መለሰችው። ተገጠመ፤ ሞተሩ ሲነሳ ቀዩ ምልክት ብልጭ ብሎ ጠፋ። አስያ እልል አለች። የኔአለም መሪውን ይዛ ተቀመጠች እንጂ ደስታው አልመጣላትም።

ነሐሴ ሲገባ የሺዋስ ሦስት ሽማግሌ ላከ። የነፍስ አባቷም አብረው መጥተው ነበር። አክብራ ተቀበለቻቸው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸውና፣ «ይቅር ብያለሁ በሉት፤ እግዜርም ይቅር ይበለው። ግን መኪናዬ አጠገብ አይድረስ፣ ቤቴም አይምጣ» አለች። «አበልጅነት እኮ አይፈርስም» አሏት የነፍስ አባቷ። «አላፈረስኩትም፣ አባቴ» ብላ መሬት መሬቱን አየች።

ለቡሄ የሺዋስ በየዓመቱ ለእየሩስ ልብስ ይዞ ይመጣ ነበር። በዚህኛው ዓመት ሙልሙሉ ተጋግሮ፣ ልጆች በር ላይ ጨፍረው ከሄዱ በኋላ፣ የስምንት ዓመቷ እየሩስ ደጁን እያየች «አባባ የሺዋስ ለምን አልመጣም?» አለች።

«ሥራ በዝቶበት ነው» አለቻት የኔአለም።

«ነገ ይመጣል?»

«ነገም ሥራ አለው።»

ልጅቱ አመነቻትና ሙልሙሏን መግመጥ ቀጠለች። የኔአለም ፊቷን አዙራ ዕቃ የምታነሳሳ መሰለች። ልጇን ዋሽታት አታውቅም ነበር።