በሩፋኤል ዕለት የወጣች ጉብታ

4.

ከአራት የጀመርኩት ተሳስቼ አይደለም። ከአንድ እስከ ሦስት ያለው የአውስትራሊያዎቹ ኮከብ ተመልካቾች ተራ ነበር። ነጋባቸውና አስረከቡን፦ «ኮከቡ ላይ ያልተጠበቀ ጉብታ ጀምሯል። ቶሎ ተከታተሉ!»

5.

ለማያውቅ አንባቢ፦ አንድ ኮከብ በሌላው ፊት ሲያልፍ፣ ስበቱ የኋለኛውን ብርሃን ሰብስቦ ያደምቀዋል። የፊተኛው ፕላኔት ካለው፣ በድምቀቱ ላይ ትንሽ ጉብታ ትወጣለች። ጥቂት ቆይታ ትጠፋለች፤ አትመለስም። ጫፏን ያየ የፕላኔቱን ክብደት ያውቃል።

አሁን የመሸው እኛ ዘንድ ነው። እኛ ማለት እኔና ባልደረባዬ ገረመው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ኮረብታ ላይ ባለች የቴሌስኮፕ ጣቢያ። እንዲህ ያለችውን ስጠብቅ ዓመታት አልፈውኛል።

6.

ችግሩ።

ዛሬ ጳጉሜን ሦስት ነው። ሩፋኤል። አገር ምድሩ በዝናብ ለመጠመቅ አንጋጦ እየጠበቀ ነው።

7.

*(ስልክ)*

እማዬ፦ ትርንጎ፣ ዘነበላችሁ?

እኔ፦ ኧረ እማዬ፣ እንዳይዘንብ ጸልዪልኝ!

እማዬ፦ በሩፋኤል ቀን? አብደሻል እንዴ አንቺ ልጅ?

እኔ፦ አዲስ ዓለም ሊወለድልኝ ነው እኮ!



እማዬ፦ እሺ፣ ሩፋኤልን ትንሽ አቆየው እለዋለሁ። ቅር ግን አይለውም አልልሽም።

8.

የቴሌስኮፑን ቤት ጣሪያ ከፈትን። (የኮከቡ ድምቀት ልኬት ነው፤ ከታች ወደ ላይ ይነበባል።)

                    ነጥብ

          ነጥብ

ነጥብ

ገረመው ወንበር ላይ ወጥቶ ጨፈረ። «እየወጣች ነው! ውጪ የኔ እመቤት፣ ውጪ!»

9.

ጠብ።

10.

ጠብ ጠብ ጠብ። የቴሌስኮፑ መስተዋት እንዳይረጥብ ጣሪያውን ዘጋን። ከኮረብታው ሥር የሰፈሩ ልጆች በደስታ ሲጮኹ ይሰማል። ተናደድኩ፤ አለቀስኩም።

ገረመው ጃኬቱን ወረወረ። «የተዘጋ ጣሪያ ላይ ምን ያስፈጥጥሻል? ነይ እንጠመቅ!»

ወጣሁ። ብርዱ አይጣል ነው። ደስ ሲል!

11.

ሲያባራ መልሰን ከፈትን። ነጥቦቹ ከዝናቡ በፊት ሽቅብ፣ ከዝናቡ በኋላ ቁልቁል፣ መሐሉ



ባዶ።

ፕላኔት መኖሩ እርግጥ ነው። ምድርን ያህላል ወይስ ከሷ ብዙ እጥፍ ይገዝፋል? እሱን ዝናቡ ያውቃል።

12.

እማዬ፦ እህሳ፣ ተወለደ?

እኔ፦ ተወለደ፣ እማዬ!

እማዬ፦ እሰይ! እኛ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው የምንለው። ለዚህኛውስ ስንት እልልታ ልበል?

አንባቢ ሆይ፣ ጠጉሬ ገና ይንጠባጠባል፤ እማዬም መልስ ሳትጠብቅ ጀምራለች። የት ላይ ላስቁማት?

13.

እልልልልልል!