የሰገን ቦታ በግድግዳው ላይ

«ኧረ በሞቴ፣ አንዴ እንኳ አረፍ በይ!» አሉ እትዬ የኔነሽ ከለቀስተኛው ፍራሽ ላይ። «የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ የቀለም ባልዲ ይዞ መንጎራደድ ምን የሚሉት ነው?»

ሰገን መች ሰምታ! ከቀብር ስትመለስ የለበሰችውን ካፖርት እንኳ አላወለቀችም። ነገ የሕንፃው ኃላፊ፣ ሃውስማይስተሩ፣ ይህን የፍራንክፈርት ዞሰንሃይም የኪራይ ቤት ሊረከብ ይመጣል። አባቷ አረጋውያን መኖሪያ ይገባሉ ብላ ቤቱን እለቃለሁ ያለችው ራሷ ነበረች፤ ሞት ቀደማት። ግድግዳው ነጭ ሆኖ መመለስ አለበት። የአባቷ የጋሽ ዓምደ ሚካኤል ሳሎን ግድግዳ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ የተሳለ ሰው ነው።

ጋሽ ዓምደ ሚካኤል በወጣትነታቸው ሥዕል ሊማሩ ሜክሲኮ ሄደው ነበር። እዚያ አብዮቱ ካለፈ በኋላ ሠዓሊዎቹ ገበሬውንና ሠራተኛውን በየሕንፃው ግድግዳ ላይ ሳሉት፤ ፊደል ያልቆጠረውም ራሱን አየ። እሳቸውም ይህንኑ ሰንቀው አዲስ አበባ ገቡ። የእኛ አብዮት ግን ግድግዳውን የፈለገው ለመሪው ፊት ነበር። «መሬት ላራሹ ብዬ ጮኼ የአንድ ሰው ፊት ልሳል?» አሉና ተሰደዱ።

ፍራንክፈርት ላይ ደግሞ ማን ግድግዳ ይስጣቸው! ሳሎናቸውን ያዙ። እትዬ የኔነሽ ከኤርፖርት መወልወያቸው ጋር አሉ። የልብ ጓደኛቸው ጋሽ ትኩእ የዚንድሊንገን ፋብሪካ ቱታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ፎቁ ላይ ያለ ጎረቤት ሁሉ አለ። ልጃቸው ብቻ የለችም።

«መንደሩን ሁሉ ስሎ እኔን ረሳኝ!» አለች ሰገን። «ነጭ ብቀባው ምን ይቀርብኛል?»

ጋሽ ትኩእ ከፍራሹ ተነሥተው በመስኮቱ በኩል ፊት የሚያህል ባዶ ቦታ አሳዩዋት።

«ይሄሳ፣ ጓለይ፣ ልጄ?»

«ያላለቀ ነዋ።»

«አባትሽ ደረቅ ግድግዳ ላይ አይስልም ነበር። ኖራውን ይለስናል፤ እርጥብ ሳለ ሰውየውን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ይስላል። ከደረቀ ፈቅፍቆ እንደገና ነው። ከፎቶ አይቶ ከሚስልማ ሞቶ ይገኛል!»

«አፍንጫዬን ሲበላኝ እንኳ አትነቃነቂ ይሉኝ ነበር» አሉ እትዬ የኔነሽ።

«እሑድ እሑድ ላንቺ ይለስናል» ቀጠሉ ጋሽ ትኩእ። «‹ዛሬ ትቀመጥልኛለች› ይለኛል። ለፋሲካ እንኳ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ ለስኖልሽ ነበር።»

ሰገን ፋሲካ ትዝ አላት። አባቷ በሩን የከፈቱላት ኖራ በነካው እጃቸው ነበር። «ትንሽ ቁጭ በይልኝ» አሏት። «አባዬ፣ ቴርሚን አለኝ፣ ቀጠሮ» አለች ያመጣችውን የፋሲካ ዳቦ አቀብላ፣ ቆማ እንዳለች። ጉንጯን ሲስሟት ኖራው ካፖርቷን ነክቶት ነበርና በአሳንሰሩ ውስጥ እየተነጫነጨች አራገፈችው።

«ለምን አልነገረኝም?»

«ለልጅ ቁጭ በይ ከማለት በላይ ምን ይባላል?»

ባልዲውን አስቀመጠች። «ሃውስማይስተሩ ከፈለገ ራሱ ይቀባው፤ እኔ እጄን አላነሣበትም» አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የት ነበር የሚያስቀምጣችሁ?»

ጋሽ ትኩእ ከጥግ በርጩማውን ስበው በባዶው ቦታ ትይዩ አኖሩላት። ሰገን ካፖርቷን አውልቃ ተቀመጠች። አገጯን ቀና አደረገች። እንባዋ አፍንጫዋ ጫፍ ደርሶ ቢበላትም፣ አልተነቃነቀችም።