ሥሩ የሚሮጠው ሣር

ሴትየዋ ገና ከመኪናዋ ስትወርድ ችግኝ ሻጯ አወቀቻት። አባቷ ዘንድ የምትኖረው ልጇ ፎቶዋን በስልክ አሳይታታለች። ባሏን የነጠቀቻት፣ ዛሬ በቤቷ እንደልቧ የምትንጎራደደው ናት። እሷ ግን ሻጯን አላወቀቻትም። ድሮስ የወጋ ቢረሳ የተወጋ መች ይረሳል።

“እትዬ፣ ውርጭ የማይገድለው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር ይኖርዎታል? ጓሮ ግንቡ ሥር ልተክለው ነው። ጎረቤቶቻችን ዓይናቸውን ከኛ ላይ አይነቅሉም።”

“እትዬ” መባሏ አንጀቷን አሳረራት። ግንቡንም ታውቀዋለች፤ አጠገቡ ያለውን የድንጋይ ንጣፍ በገዛ እጇ ነው የደረደረችው።

እንዲህ ያለ ሣር ሁለት ዓይነት አላት። አንደኛው ጨዋ ነው፤ በተተከለበት ይወፍራል እንጂ አይሄድም። የሌላው ሥር ግን ምድር ለምድር ይሮጣል፣ ንጣፍ ይፈነቅላል፣ አንዴ ከገባ በዶማም አይወጣም። ቁርጥ ሴትየዋን!

“ይሄኛው ይሻልሻል፣ እህቴ። ብርድ አይበግረውም፣ ቶሎም ይሞላልሻል” አለች ሯጩን እያሳየች። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ሻጯ ችግኞቹን መኪናው ላይ ስትጭንላት ሴትየዋ ጨዋታ ጀመረች። “ብዙ ዓመት የሚቆይ ይሁንልኝ ብዬ ነው። ባለቤቴ ቤቱን በቅርቡ በልጁ ስም አዙሮታል። ነገ የእሷ አይደል?”

ሻጯ ችግኙን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው ይባላል። የገዛ ልጇን ልትጥልበት ነበር!

“ቆይ፣ ተሳስቻለሁ። ይሄ ጓሮሽን ያበላሽብሻል” አለች። ችግኞቹን አንድ በአንድ አወረደች። በምትኩ ጨዋውን ጫነችላት።

“ብርዱ ሲያልፍ በየዓመቱ ደረቁን ከሥሩ መቁረጥ ነው። እቅፍ አድርገሽ ጥብቅ ታደርጊና ትቆርጪዋለሽ። ለሠራተኛ እንዳትሰጪው፣ በራስሽ እጅ ሲሆን ነው የሚያምረው።”

“እቅፍ አድርጌ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።”

የዚህ ሣር የቅጠሉ ጠርዝ ምላጭ ነው። ወፍራም ጓንትና እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ ሳትል ለማንም ሸጣው አታውቅም። ዛሬ ዝም አለች፣ ዝም በማለቷም ቅንጣት አልቆጫትም።

መኪናው ከዓይኗ ሳይርቅ ለልጇ ደወለች።

“እዚያ ቤት ረጅም ሣር ሊተከል ነው። አንቺ እንዳትነኪው።”

“ለምን፣ እማ?”

“እንጀራ እናትሽ ትቀፈው።”