ሌላ ገሠሠ

«አባባ፣ ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?» አለች ደራርቱ፣ ከዶሴው ውስጥ የወየበ ወረቀት መዝዛ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች።

አቶ ገሠሠ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሞራ የጋረደው ዓይናቸውን እንጂ መነጽሩን እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ግን እጃቸው አንድ ነገር መያዝ ነበረበት። ፊርማውን ለማወቅ ደግሞ ማየት አላስፈለጋቸውም።

«የኔ ነው፣ ልጄ» አሉ።

አርባ ዓመት ናዝሬት ገበያ ዳር ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው። የቀበሌውን ግማሽ ሱሪ የቆረጡት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ የቀበሌው ጸሐፊ የሆነችውን የደራርቱን የመጀመሪያ የተማሪ ደንብ ልብስ ጭምር። አሁን ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሮም ከምትኖረው ልጃቸው ከሙሉብርሃን ዘንድ ሄደው ሊጦሩ ነው። ልጅቱ ሁሉንም በደብዳቤ ዘርዝራለች፤ እዚያ አገር ከደመወዟ ግብር ስለምትከፍል፣ አባቷን በስሟ ካስመዘገበች በነፃ ይታከማሉ፤ የዓይናቸውም ሞራ ይገፈፋል። ከዚህ የሚፈለገው የግብር ዕዳ እንደሌለባቸው የሚገልጽ ማረጋገጫና ልጃቸው እንደምትጦራቸው የሚመሰክር የቀበሌ ደብዳቤ ነው። ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ ወዲህ የመውጫ ቪዛውም እንደ ድሮው አይከብድም ይባላል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ይህኛው ወረቀት ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ ይዞ ቆይቷል። ደራርቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«‹ጓድ ገሠሠ አበራ ልጅም ሆነ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው መሆኑን በምስክር ስላረጋገጥን፣ ነፃ ሕክምና እንዲያገኙና የሥራ ግብራቸው እንዲነሣላቸው እናሳስባለን።› በሰባ አምስት ነው የተጻፈው።» ቀና አለች። «አሁን ደግሞ ልጄ ትጦረኛለች ብለሽ ጻፊልኝ ይሉኛል። አንድ ማኅተም በሁለቱም ላይ እንዴት ላሳርፍ?»

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። አቶ ገሠሠ ጀርባቸው ላይ የሁሉም ዓይን እንዳረፈ ተሰማቸውና አንገታቸውን ደፉ።

ሙሉብርሃን በሰባ ዓመተ ምሕረት በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ሾልካ ስትወጣ፣ የኮበለለ ልጅ ስም አደባባይ የሚጠራ አልነበረም። ስለዚህ «ፈርቼ ነው» ማለት ይችላሉ። ለራሳቸው ሰባት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲሉ ኖረዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በሰባ አምስት ጨጓራቸው ሊቀደድ ሐኪም ቤት ቀጠሮ በተሰጣቸው ጊዜ ስለ ልጅቱ የጠየቃቸውም የከሰሳቸውም አልነበረም፤ ሮም መግባቷን ሰፈር ሁሉ ያውቃል። የዚያን ጊዜው ጸሐፊ «ልጅ አለዎት?» ብሎ እስክሪብቶውን ሲያነሣ፣ «የለኝም» አሉ፤ ግብሩ እንዲቀርላቸው፣ ሕክምናው እንዲቀልላቸው። በዚያች ቀን የለበሱት ሹራብ እሷ በሰው እጅ የላከችላቸው ነበር።

ወይዘሮ ዘርፉ ጎናቸው ተቀምጠዋል። የግድግዳ ጎረቤት ናቸው፤ ያኔ ልጅ የለውም ብለው የመሰከሩት እሳቸው፣ ዛሬ ደግሞ ልጅ አለው ብለው ሊመሰክሩ የመጡት እሳቸው።

«ይሄ ምን ያስጨንቃል፣ ደራርቱ» አሉ። «ሙሉብርሃን የእህቱ ልጅ ናት በዪ። አሳድጓት ነው። አሳዳጊውን የሚጦር የለም እንዴ?»

«የላከችው ጥሪ ላይ ሙሉብርሃን ገሠሠ ነው የሚለው፣ እማማ።»

«እና በዚህ ሁሉ አገር ገሠሠ የሚባል አንድ ሰው ብቻ ነው? የእሷ አባት ሌላ ገሠሠ ነው። ሞቷል፣ ነፍሱን ይማረው።»

አግዳሚው ሳቀ። ደራርቱም ፈገግ አለች፤ ከዚያ ግን አሰብ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ነገሩ ያስኬዳል» አለች። «አሳዳጊ ካልን ሁለቱ ወረቀቶች አይጋጩም። እዚያም አሳዳጊን ይቀበላሉ፤ ባለፈው ወር አንድ ሰው በዚሁ ሄዷል። ዛሬውኑ እፈርምልዎታለሁ።»

«ልጄ ናት ካልኩስ?»

«እንደዚያ ካሉማ የሰባ አምስቱን ልሰርዝ ነው። የሰባት ዓመቱ ግብር ከነመቀጫው ይመጣል፤ የሕክምናውም ይጠየቃል። እሱ ሳያልቅ ማረጋገጫ አያገኙም። እማማ ዘርፉም በሐሰት ምስክርነት ይጠራሉ።»

ወይዘሮ ዘርፉ በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው። «ያ ዋቃ! ሰማህ? አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን አስብ።»

ደራርቱ የአቶ ገሠሠን ዝምታ እሺታ አድርጋ ወሰደችውና አዲስ ወረቀት ስባ፣ የምትጽፈውን ከንፈሯ እየተከተለ ጀመረች። «አቶ ገሠሠ አበራ ምንም እንኳ የወለዱት ልጅ ባይኖራቸው...»

አቶ ገሠሠ ፊታቸው ጋለ። ሙሉብርሃን ፊደል በቆጠረች ሰሞን፣ የጨርቅ መቁረጫውን ጠረጴዛ በጠመኔ ስሟን ስትሞላባቸው ይቆጧት ነበር። የራሷን ስም ለቅለቅ አድርጋ አልፋ፣ የሳቸውን ግን ምላሷን አውጥታ፣ የእያንዳንዱን ፊደል እግር አሳምራ ነበር የምትጽፈው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ስንት ጨርቅ ቆርጠው፣ ያንን ጽሑፍ ስንቴ በእጅጌያቸው ጠርገዋል። አሁን ደግሞ በማኅተም ሊጠርጉት ነው።

«ተይው» አሉ።

ደራርቱ እስክሪብቶዋን አነሣች።

«ሌላ ገሠሠ የለም። እኔ ነኝ። የፊተኛው ውሸት ነው ብለሽ ሰርዢው። ዘርፌን ለምኜ ያስዋሸኋት እኔ ነኝ፤ እሱንም ጻፊ።»

«ግብሩስ፣ አባባ?»

«ሲንገር ስፌት መኪናዬን እሸጣለሁ። ካልሞላም እየቆየሁ እከፍላለሁ።»

«ዓይንህስ?» አሉ ወይዘሮ ዘርፉ፤ አሁን ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ይቆያል።» አግዳሚው ላይ ያሉት እንዲሰሙ ዞር አሉ። «ልጅ አለኝ። የለኝም ያልኩት ለገንዘብ ሳስቼ እንጂ አጥቼ አልነበረም» ብለው ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። አሁንም አፍረዋል፤ ጆሯቸው ድረስ ቀልተዋል።

ደራርቱ የጀመረችውን ቀድዳ ሌላ ወረቀት ስባ መጻፍ ቀጠለች። ሙሉብርሃን ብላ የአባት ስም ላይ ስትደርስ፣ አቶ ገሠሠ አፍንጫቸው ወረቀቱን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ አሉና ጣታቸውን ከእስክሪብቶዋ ሥር አደረጉ።

«በእሳቱ ሰ አይደለም» አሉ። «በንጉሡ ሠ ነው፤ ሁለቱም። እሷ እንደዚያ ነው የምትጽፈኝ።»