«እሄዳለሁ» ስንት አፍ ይፈጃል

ፌንጣ የሚለውን ስም ያወጡለት የክፍል ጓደኞቹ ናቸው፤ እውነት ለመናገር አልበደሉትም። ወንበር ላይ ተቀምጦ እንኳን አይቀመጥም። ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጣል፣ የመሣያ ብዕሩ በጣቶቹ መሃል ይሽከረከራል፣ ዓይኑ ከስክሪኑ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ሰዓቱ ይመላለሳል። በኮሌጁ የአኒሜሽን፣ የዲጂታል ቪዲዮና የኢንተርአክቲቭ ሚዲያ ተማሪዎች አንድ ኮሪደር ይጋራሉ። በዚያ ኮሪደር የሚሮጥ እግር ሲሰማ ማንም ቀና ብሎ አያይም፤ ማን እንደሆነ ይታወቃላ። ሦስቱንም ዓመት እንዲሁ ነበር። በመጨረሻው ወር ግን ባሰበት፣ ለመባሱም ምክንያት ነበረው።

ሌላ አገር ያለ አንድ የካርቱን ስቱዲዮ ቀጥሮታል። ውሉ የሁለት ዓመት ነው፤ ፈርሞ ልኳል፤ የሚሄደውም የዓመቱ መዝጊያ ትርኢት በተደረገ በሳምንቱ ነው። ለእህቱ ነግሯታል። ለእናቱ አልነገራትም። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። እሱ ሰባት ዓመት ሲሆነው ታማ ተነሳች፣ ጆሮዋ ግን አብሯት አልተነሳም፤ ከዚያ ወዲህ ሰው የሚላትን የምታውቀው ከንፈር እያየች ነው። በዚህ ሙያ የሚደርስባት የለም። ደንበኛ መስታወት ፊት ቆሞ ለራሱ «አስረዝማብኛለች» ብሎ ሲያጉረመርም ከመስታወቱ ላይ ታነብበውና «ላሳጥረው?» ትለዋለች፤ ሰውየው ክው ይላል። የስፌት መኪናዋ ላይ ክር ሲበጠስ ጠረጴዛው ላይ ባሳረፈችው መዳፍ ታውቀዋለች። ያቃታት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም የገዛ ልጇ። ፌንጣ የሚያወራው እየሄደ ነው። ወሬውን ሳሎን ይጀምረውና ኩሽና ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ግማሹን ለእሷ፣ ግማሹን ለግድግዳው። «ምን አልክ?» ትለዋለች ከኋላው። «ምንም» ይላል፣ እሱንም ጀርባውን ሰጥቶ።

ታዲያ ሊነግራት አልሞከረም አይባልም። አንድ ቀን ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና «እማ» አላት። መቀሱን አስቀምጣ ቀና አለች። ዓይኗ ከንፈሩ ላይ ሲያርፍ የተዘጋጀበት ነገር ሁሉ ከአፉ ጠፋ፤ «ሻይ ላፍላልሽ?» ብሎ ተነሳ። ሌላ ቀን ደግሞ አፍ አውጥቶ ተናገረው፤ ግን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር እያስገባች ሳለ ነበር፤ ያን ጊዜ ቀና እንደማትል ያውቃል። ነግሬያታለሁ ለማለት ያህል ነው የተናገረው። ያን ዕለት ራሱን ጠልቶት ዋለ።

እህቱ ነርስ ናት፤ መርፌ ስትወጋም ሐቅ ስትናገርም አታባብልም። ትርኢቱ ካለቀ በኋላ አንዲት ቀን እንደማትጨምርለት፣ ያኔ እሱ ካልነገራት እሷ እንደምትነግራት ቁርጡን አሳወቀችው። እናታቸው የልጇን መሄድ ከሌላ ሰው አፍ ብታነብ ምን እንደምትሆን እንዲያስብም ነገረችው። እሱስ መች ከዚህ ሌላ ያስብና።

እንግዲህ በዚህ ጭንቅ ውስጥ እያለ ነው አንድ ሐሳብ ብልጭ ያለለት። ለመመረቂያ እያንዳንዱ ተማሪ የአርባ ሰከንድ ፊልም ሠርቶ ማቅረብ አለበት። የእሱ ፊት አይረጋም፤ የሣለው ፊት ግን ባስቀመጠው ቦታ ይቀመጣል። ስለዚህ በፊልሙ ይነግራታል። አንዲት ሴት መኪና ላይ ስትሰፋ፣ አንድ ወጣት ከበሩ ተመልሶ ፊት ለፊቷ ሲቆም፣ ወደ ተመልካቹ ቀጥ ብሎ «እማ፣ እሄዳለሁ» ሲል፤ በቃ። ከሦስት ዓመት ሥራው ሁሉ የማይንቀሳቀስ ፊት ይህ ብቻ ይሆናል፤ ጭንቅላቱ አይዞርም፣ ትከሻው አይነቃነቅም፣ አፉ ብቻ ይናገራል። እናቱም ማንም ሳይተረጉምላት ታነብበዋለች።

መምህሩን ተማሪው በሌሉበት «ፍሬም» ይላቸዋል፤ ማንኛውንም ነገር በፍሬም፣ በሰከንድ ሃያ አራት በሚያልፈው የፊልም ምስል፣ ስለሚቆጥሩ ነው። ተማሪ ሲያረፍድ እንኳ «ሰባት ሺህ ፍሬም ዘግይተሃል» ይላሉ። የፌንጣን የመጀመሪያ ሙከራ ቆመው አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይኼ ልጅ እየተናገረ ነው ወይስ ማስቲካ እያኘከ?»

ክፍሉ ሳቀ። ስንት አፍ እንደሣለለት ጠየቁት፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ አፍ መሆኑን ነገራቸው። «እሄዳለሁ» አምስት ፊደል ነው፣ አምስት አፍ። መምህሩ በየኮምፒውተሩ ጎን የተለጠፈውን የአፍ ሰንጠረዥ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ሰንጠረዡ ላይ ለ«መ» እና ለ«በ» የተገጠመ ከንፈር አለ፤ ለ«ፈ» ጥርስ የነካው ከንፈር፣ ለ«ኡ» ሞጥሞጥ ያለ፣ ለ«ኣ» የተከፈተ። ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ግን ቦታ የለውም። ፊደል ሳይሆን ንግግር እንዲሥል፣ ጎላ ጎላ ያሉትን ይዞ የቀሩትን እንዲዘላቸው አስረዱት። «እ» እና «ሄ» ይውጡ፤ «ዳ» አፍ ከፈት ካለ ይበቃታል።

«የጎደለውን ጆሮ ይሞላዋል» አሉ መነጽራቸውን መልሰው እያደረጉ።

በሣለው ልጅ ጀርባ ያንጠለጠለውን ሻንጣም አስወጡት። ከሻንጣ ጋር ያልሄደ ሰው በካርቱን አይቼ አላውቅም፣ ሰለቸኝ አሉ። ፌንጣ ሻንጣውን አጠፋ፣ አፎቹን ከአምስት ወደ ሦስት አወረደ፣ የራሱን ድምፅ ቀድቶ ገጠመበት። እውነትም ማኘኩ ቀረ። የልጁ ንግግር እንደ ሰው ንግግር ሆነ። ከዲጂታል ቪዲዮ ክፍል ድምፅ ልታስተካክልለት የመጣችው ልጅ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ እናቷ ጋ ልትደውል ወጣች። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈልጋል?

የትርኢቱ ቀን ከምሳ በኋላ እናቱና እህቱ መጡ። እናቱ ራሷ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ በየግድግዳው የተሰቀለውን ሥራ ሁሉ ጨርቅ እንደምትመርጥ ሰው ጠጋ ብላ ታያለች። ፌንጣ አንዴ ቀድሟቸው ይሄዳል፣ አንዴ ከኋላ ይቀራል፣ ወንበር ይይዝላቸዋል፣ ደግሞ ሌላ ይሻላል ብሎ ያስነሳቸዋል። እህቱ በመጨረሻ ክንዱን ይዛ «አዙሮኛል፣ ቁም» አለችው።

የኢንተርአክቲቭ ሚዲያ ተማሪዎች ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ድምፅን ወደ ቀለም የሚለውጥ ግድግዳ ሠርተዋል፤ በሹክሹክታ ሲያወሩ ስስ ሰማያዊ መስመር፣ ጮክ ሲሉ ቀይ ማዕበል ይሆናል። እናቱ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ፊቱ ቆማ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ቀላ። ሰው ሁሉ ዞረ። እህቱ ነገሩን ስታስረዳት እናቱ ቀዩ እስኪጠፋ አይታ፣ «ሁልጊዜ እንዲህ እጮሃለሁ?» አለች፤ እንደገና ቀላ። በራሷ ሳቀች፤ ግን ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ልትናገር አስባ መልሳ ስትተወው ፌንጣ አየ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ያላላትን ነገር ግድግዳ ነገራት።

አዳራሹ ጨለመ። የእሱ ፊልም ዘጠነኛ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩትን ስምንቱን ምን እንደነበሩ ብትጠይቁት አንዱንም አይነግራችሁም። ተራው ሲደርስ ስክሪኑን ትቶ የእናቱን ፊት ማየት ጀመረ፤ ብርሃኑ ጉንጯ ላይ ይወድቃል። ሴትየዋ ስትሰፋ አይታ እናቱ ፈገግ አለች፤ ራሷን አወቀች። ወጣቱ ከበሩ ሲመለስ ወደፊት ዘንበል አለች። ፊቱ ስክሪኑን ሞላ። «እማ፣ እሄዳለሁ» አለ በፌንጣ ድምፅ።

እናቱ እጁን ፈልጋ ያዘችው። ቀጠን ያለው ጣቷ፣ ጫፉ በመርፌ የደነደነው፣ ጥብቅ አድርጎ ያዘው። ተረዳች አለ በልቡ፤ ተረዳችና አላለቀሰችም። ትልቅ ድንጋይ ከደረቱ የወረደ መሰለው።

መብራት ሲበራ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ፊቷ ግን በርቷል። ወደ እህቱ ዞረች።

«አየሽው? አለሁ አለኝ» አለቻት። «እማ፣ አለሁ።»

እህቱ ፌንጣን አየችው። ፌንጣ መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ አፎቹ አንድ በአንድ መጡበት። «እ» ወጥታለች፣ «ሄ» ወጥታለች። «ዳ» አፍ ከፈት ብቻ ናት፤ አፍ ከፈት ሲል «አ» ነው። አ፣ ለ፣ ሁ። ሻንጣ የለ፣ ድምፅ የለ፤ ከበር ተመልሶ የመጣ ልጅ እናቱ ፊት ቆሞ አለሁ አላት። ከዚህ ሌላ ምን ልታነብ ኖሯል? የጎደለውን ጆሮ ይሞላዋል ሲባል አንገቱን ነቅንቆ ሁለቱን አፍ ያወጣው እሱ ነው። የማትሰማ እናት እያለችው ፊልሙን አንዴ እንኳ ድምፁን ዘግቶ አላየውም።

እናቱ እጁን አልለቀቀችም። ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ እየጣረች፣ ወር ሙሉ ስትጨነቅ እንደከረመች ነገረችው። መብላቱን ሲያቆም፣ ቤቱ ውስጥ ሲሽከረከር፣ የወንበር ጠርዝ ላይ ብቻ ሲቀመጥ እያየች፣ ይሄ ልጅ ሊሄድብኝ ነው እያለች ለማንም ሳትናገር ቆይታለች። እሱን ብትጠይቀው ደግሞ እውነት እንዳይሆንባት ፈራች።

«አሁን ግን ነገርከኝ» አለችው። «በሰው ሁሉ ፊት።»

ተወው የሚል ሐሳብ መጣበት፤ አልዋሽም። ዛሬ ደስ ብሏት ትግባ፣ ነገ ሌላ ቀን ነው የሚል። እግሩ እንደ ልማዱ በሩን ፈለገ። በበሩ በኩል ግን መምህሩ በወንበሮቹ መሃል እየመጡ ነበር፤ ፊታቸው እስከ ጆሮ ድረስ ፈገግ ብሏል። ለስቱዲዮው የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉለት እሳቸው ናቸው። ገና ከሩቅ አፋቸውን መክፈት ጀምረዋል፤ እናቱ ደግሞ ከሩቅ ታነባለች። ዓይኗ ወደ ሰውየው ሲዞር ፌንጣ አየ።

ተነሥቶ በእሷና በመምህሩ መሃል ቆመ። ተንበረከከ፤ ፊቱ ከፊቷ እኩል ሆነ። ጉልበቱ ሊንቀጠቀጥ ሲል በእጁ ያዘው። መምህሩ ከኋላው ደርሰው «እንኳን ደስ አለሽ እናቱ» ሲሉ ሰማ፤ እሷ አላየችም፤ የምታየው እሱን ነው።

«እማ» አለ። «ተሳስቼ ነው የሣልኩት። አለሁ አይደለም። እሄዳለሁ ነው።»

ከንፈሩን አየች። መጀመሪያ ፈገግታዋ ሳይለወጥ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ከዓይኗ ጀምሮ ጠፋ።

«ድገመው» አለች።

ደገመው። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ሁለት ዓመት መሆኑን፣ የሚሄደው በሳምንቱ መሆኑን አንዱንም ሳይዘልል ነገራት። አፉን ለእያንዳንዱ ፊደል ከፈተ፤ መምህሩ ቢያዩት ማስቲካ ያኝካል ይሉት ነበር።

«ድገመው።»

በሦስተኛው ድምፁ ተሰበረ። ግድ አልነበረውም፣ ድምፁን የሚፈልገው የለም፤ ከንፈሩን እንዳይንቀጠቀጥ ብቻ ታገለ። ሰው እየተነሣ ነው፣ ወንበር እየተጎተተ ነው፣ አንድ ሁለት ጓደኛው በስሙ ጠራው። አልዞረም።

«ድገመው» አለች እንደገና።

እህቱ አላስቻላትም። የእናቷን ትከሻ ነካ አድርጋ ወደ ራሷ አዞረቻትና፣ ሦስት ጊዜ ነግሮሻል፣ የቱ ጋ ነው ያልገባሽ አለቻት።

«መጀመሪያም ገብቶኛል» አለች እናቱ። «ቆሞልኝ ስለማያውቅ፣ ልየው ብዬ ነው።»

መልሳ ወደ እሱ ዞረች። ፌንጣ ጉልበቱን ለቀቀና፣ አይታው እስክትጨርስ ድረስ እዚያው ወለሉ ላይ አራተኛውን ጀመረላት።